አድራሻው የብስክሌት መንገድ የሆነ ጋራንቲ

ይድረስ፦ በአዲስ አበባ ለምትገኙ የኮምፒውተር ዕቃ አስመጪዎችና ቸርቻሪዎች
ግልባጭ፦ የሸማቾችን አቤቱታ ለሚቀበሉ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች
ጉዳዩ፦ ስለ ሃርድ ዲስክ ጋራንቲ

የተከበራችሁ ነጋዴዎች፣

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን የሞሏት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ክስ፣ የመከላከያ መልስ፣ ይግባኝ፣ የአፈጻጸም ማመልከቻ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ እጽፋለሁ። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰው በደሉን ይነግረኛል፣ እኔ ወግ አስይዤ እጽፍለታለሁ፣ ሒሳቤን ከፍሎኝ ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል። የራሴን በደል ግን እስከ ዛሬ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ልጽፍ ነው፤ ለዚያውም ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለእናንተ።

ለምን አትከስም የሚለኝ አይጠፋም። የክርክሩ ግምት 6,200 ብር ነው። ለ6,200 ብር ስንት ቀጠሮ እንደሚያመላልስ፣ ስንት ቀን ሱቅ እንደሚያዘጋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። የጋራንቲው ነገር እንዲህ የተበላሸውም በዚህ ይመስለኛል፤ ገዢው ለዚህች ብር ብሎ ችሎት እንደማይቆም ሻጩ ቀድሞ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታኅሣሥ 2016 ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው፤ የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለው» አለኝ። ቀጥሎ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃትን ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «በደረሰኝ ይሁን ያለ ደረሰኝ?» ያለ ደረሰኝ ካልኩ 15 በመቶዋ ትቀርልኛለች። እኔ ግን እንጀራዬ ከወረቀት ነውና በደረሰኝ አልኩ።

ሁለት ወረቀት ሰጠኝ። አንደኛው ከካሽ ሬጅስተር የወጣው ቀጭን ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው በካርቦን የሚጻፈው የሽያጭ ወረቀት ሲሆን፣ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ «1 ዓመት ጋራንቲ» ተብሎ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበታል። ከታች ደግሞ በማተሚያ ቤት የታተመ ቃል አለ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። በአንድ ሰነድ ላይ እንዲህ ሁለት የሚጣረሱ ቃሎች ሳገኝ በሙያዬ ደስ ይለኛል፤ ለደንበኛዬ ሁለት ገጽ ክርክር ይወጣኛል። የራሴ ሲሆን ግን አላስደሰተኝም። ይባስ ብሎ የዕቃው ዓይነት በተጻፈበት ረድፍ ላይ ያለው «ሃርድ ዲስክ 1 ፍሬ» የሚል ብቻ ነው። የአምራቹ ስም የለም፣ ሞዴል የለም፣ ሲሪያል ቁጥር የለም። አንድ ፍሬ፤ እንደ ሎሚ። ያ ወረቀት ስለ የትኛው ዲስክ እንደሚናገር ዓለም ላይ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ሰኔ ላይ ዲስኩ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ፋይል ሲከፍት ያንቀላፋ ነበር፤ ቫይረስ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ አንድ ማለዳ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዝም። እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ዲስክ የሚባል ነገር አላውቅም አለ።

አምስት ኪሎ ምሕንድስና የሚማር የእህቴ ልጅ መጥቶ አዳመጠው። «አጎቴ፣ ጭንቅላቱ ሄዷል» አለኝ። የማን ጭንቅላት ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ አስረዳኝ። ዲስኩ ውስጥ እንደ መስታወት የተወለወሉ ሳህኖች አሉ፤ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካውም፤ ከላዩ በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል። የፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖ ሜትር ነው። እንግዲህ መሐላቸው አቧራ ቢገባ፣ ዲስኩ ሲሠራ ቢወድቅ፣ ወይም ጭንቅላቱ ራሱ ቢደክም፣ የምንሰማው ጠቅታ ጭንቅላቱ መነሻውን ፈልጎ አጥቶ ሲመላለስ ነው። ይህን ሁሉ ስሰማ የተደነቅኩት ዲስክ ለምን ይበላሻል ብዬ ሳይሆን እንዴት አንድ ቀን እንኳ ይሠራል ብዬ ነው።

ጥፋቴን ልናገር። በዲስኩ ላይ ከነበሩት ፋይሎች ቅጂ የነበራቸው እስከ 2013 ድረስ የጻፍኳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያለውን «ነገ እገለብጠዋለሁ» ስል ከረምኩ። ለዚህ ማንንም አልከስም።

ፋይላቸው ከጠፋባቸው ደንበኞቼ መሐል አንዲት እናት ይግባኝ ልትል መጣች። ውሳኔው ከተሰጠ 51 ቀን ሆኖታል፤ የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው። «ክሱን አንተው ነህ የጻፍክልኝ፣ አለህ አይደል?» አለችኝ። የለኝም ማለት አፍሬ ነገ ተመለሺ አልኳት። እንግዲህ እኔም እንደ እናንተ «ነገ ተመለሺ» አልኩ ማለት ነው። ከመዝገቡ ግልባጭ አውጥተን፣ ሁለት ሌሊት እንደገና ለቅሜው በ58ኛው ቀን አስገባን። ሌሎቹ እንደ እርሷ ዕድለኛ ይሁኑ አይሁኑ ገና አላወቅኩም፤ ሰው ፋይሉን የሚፈልገው ሲቸግረው ነው።

ጋራንቲውን ይዤ ፒያሳ ሄድኩ። ሱቁ የለም። ሱቁ ብቻ አይደለም፣ ሕንጻው የለም፤ መንደሩም የለም። በኮሪደር ልማቱ በመጋቢት 2016 ከፈረሱት አንዱ ነበር። የሽያጭ ወረቀቴ ላይ ባለው አድራሻ ላይ ዛሬ የብስክሌት መንገድና የሣር መደብ አለ። አንድ ልጅ በኪራይ ብስክሌት በጋራንቲዬ አድራሻ ላይ ሲያልፍ ቆሜ አይቻለሁ። ነጋዴው ራሱ ተፈናቃይ ነው፤ ለዚያ ልወቅሰው አልችልም። ስልኩን አገኘሁትና አዲሱን ቦታ ነገረኝ። ደግ ነው።

የወቀሳዬ መነሻ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። አንደኛው ቀን ባለቤቱ የለም። ሁለተኛው ቀን ቴክኒሻኑ ወጥቷል። ሦስተኛው ቀን ቴክኒሻኑ ኖሮ «መብራት ነው ያቃጠለው፤ መብራት ጋራንቲ አይሸፍነውም» አለ፤ ዲስኩን ሳይሰካው፣ በእጁ እንኳ ሳይዘው። ስታቢላይዘር እንዳለኝ ነገርኩት። «እሱም ያቃጥላል» አለኝ። አራተኛው ቀን «ዱባይ ይላካል፣ 45 ቀን ይፈጃል» ተባልኩ። ተረከባችሁ የሚል ወረቀት ስጡኝ ስል ባለቤቱ እንደገና የለም ሆነ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው።

ወረቀቱን የጠየቅኩበት ምክንያት ነበረኝ። በዚያ ዲስክ ላይ የፍቺ ክስ አለ፤ ባልና ሚስት ለልጆቻቸው የማይነግሩት ነገር ሁሉ ተጽፎበታል። የአባትነት ክርክር አለ። የታመመ ሰው የሕክምና ማስረጃ አለ። ዲስኩ ለእኔ አልከፈት ስላለ ለሌላው አይከፈትም ማለት አይደለም፤ ጭንቅላቱ ቢቀየር ሳህኑ ላይ ያለው ሁሉ ሊነበብ ይችላል። እናንተ «ጋራንቲ ከፈለግክ ዲስኩን ተውልን» ስትሉ እኔን የምትሉኝ የደንበኞችህን ገመና በፌስታል ጠቅልለህ ስጠን ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህን ነገር በዝምታ ማለፍ ለእኔም ለእናንተም አያዋጣም። ስለዚህ ያለ ርክክብ ወረቀት አልተውም አልኩ። «እንግዲያው ይቅርብህ» ተባልኩ።

በዚህ መሐል ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፣ በሳምንታት ውስጥም 100ን ተሻገረ። ጳጉሜን ላይ ሱቁ ራሱ ደወለልኝ። ያልጠበቅኩት ደግነት! «ጋሼ፣ ከምናጉላላህ ገንዘብህን እንመልስልህ» አሉኝ። 6,200 ብር። ያው ዲስክ በዚያው መደርደሪያ ላይ 10,500 ብር ተለጥፎበታል። ጋራንቲው ለዕቃው ነው ወይስ ለብሩ ብዬ ስጠይቅ ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከመሳቅ ሌላ ምን ይደረጋል? ብሩን አልወሰድኩም። ሞኝነት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ባለቤቴም እንዲሁ ነው ያለችው።

አሁን አንድ ነገር ልቀበል። ዲስክ ይበላሻል። ይህ የማንም ነጋዴ ጥፋት አይደለም። ባክብሌዝ የሚባል አንድ የአሜሪካ ኩባንያ የሰዎችን ፋይል ለማስቀመጥ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ዲስኮች አሉት፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትኛው ሞዴል ስንቱ እንደተበላሸ በግልጽ ያወጣል። የ2024 ዓመታዊ የብልሽት መጠኑ 1.57 በመቶ ነበር። ይህ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ መብራት ሳይቆራረጥ፣ አቧራ ሳያገኛቸው የሚሠሩ ዲስኮች ናቸው። እንግዲህ አንድ መቶ ዲስክ የሸጠ ሱቅ በዓመት አንድ ወይም ሁለት፣ በእኛ መብራትና በእኛ አቧራ ምናልባት ከዚያም በላይ ተመላሽ እንደሚመጣበት ከወዲሁ ማወቅ አለበት። ጋራንቲ ማለት ለእነዚያ ለአንድ ሁለቱ መዘጋጀት ነው። ሳይዘጋጁ «ጋራንቲ አለው» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አምራቾቹ ራሳቸው ጋራንቲን የሚያዩት በሒሳብ ዓይን ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ታይላንድ በጎርፍ ተጥለቅልቃ የዲስክ ፋብሪካዎች ሲዘጉ በዓለም ላይ ዋጋው ናረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሲጌትና ዌስተርን ዲጂታል በበርካታ ዲስኮቻቸው ላይ የነበረውን የዋስትና ዘመን አሳጠሩ፤ የአንዳንዱ እስከ አንድ ዓመት ወረደ። ጎርፉ የዲስክን ዕድሜ አላሳጠረም፤ ያጠረው ኩባንያው የሚሸከመው ኃላፊነት ነው። ቢሆንም ከዚህ ቀን ወዲህ የሚሸጠው ይህን ያህል ነው ብለው አስታውቀው ነው ያደረጉት። ኤችፒኢ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያም በ2019 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ኤስኤስዲዎቹ (የሚሽከረከር ሳህን የሌላቸው ዲስኮች) ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ፣ ማለትም በ3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ በውስጣቸው ባለ የፕሮግራም ስሕተት ሙሉ በሙሉ እንደሚሞቱ ሲያውቅ፣ ሰዓቱን ጭምር ቆጥሮ ለደንበኞቹ ተናገረ፤ ማስተካከያውንም አወጣ። ጉድለትን መናገር ያን ያህል አይከብድም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን «መብራት ነው» የሚል አንድ መልስ ለሁሉም ይበቃል።

ወደ ሁለተኛው ዲስክ ልሂድ።

ሥራ ማቆም አይቻልምና በጥቅምት 2017 ሜክሲኮ አካባቢ ከሌላ ሱቅ ሌላ ዲስክ ገዛሁ። ፕላስቲኩ ያልተቀደደ፣ ተለጣፊው የሚያብረቀርቅ። «ብራንድ ኒው ነው ጋሼ» ተባልኩ። ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫነና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ማንኛውም ዲስክ ስለ ራሱ ማስታወሻ ይይዛል፦ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደበራ፣ ስንት የተበላሸ ቦታ በመጠባበቂያ እንደተተካ። ስማርት ይሉታል። የእኔ የሦስት ወር ዲስክ የሠራበት ሰዓት 19,412 ይላል። አካፍሉት፤ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው። እኔ ደግሞ ማታ አጥፍቼ ነው የምሄደው። አንድ የማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ቢሮ ውስጥ፣ ምናልባትም የጥበቃ ካሜራ ሲቀዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ዲስክ ነው በአዲስ ዋጋ የገዛሁት።

የገረመኝ ሰዓቱን ለመሰረዝ እንኳ አለመድከማቸው ነው። ማንም አያየውም ብለው ነው። በዚያው ወር፣ በጥር 2017፣ በውጭ አገር ተመሳሳይ ጉድ ወጣ። ሃይዘ የተባለው የጀርመን የቴክኖሎጂ ዜና አውታር፣ በሺዎች በሚቆጠር ሰዓት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች ሰዓታቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ እየተሸጡ መሆኑን ዘገበ። የተጋለጡት ፋርም በሚባል፣ ዲስኩ ውስጥ ባለ ሌላ መዝገብ ነው፤ ያኛውን አጭበርባሪዎቹ አልነኩትም ነበር። ሲጌት እነዚያን ዲስኮች ለሻጮቹ ያቀረብኩት እኔ አይደለሁም አለ። ጀርመን እንዲህ ከተሸወደ የእኛ ገዢ ምን ይሁን ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን ጀርመኖቹ ያወቁት ስላዩ ነው።

የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብተን ዋስትናውን ፈለግን። የመጣው መልስ፣ ዕቃው ለኮምፒውተር አምራች የተሸጠ ስለሆነ ዋስትናውን ከዚያው ጠይቁ የሚል ነው። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ተገጥሞ የኖረ፣ ተነቅሎ የመጣ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የወሰደብን ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሱቅ ውስጥ፣ ብሩን ከመክፈሌ በፊት፣ በሻጩ ኮምፒውተር ላይ ይህን ማየት እችል ነበር። እሱም ከአስመጪው ሲረከብ ማየት ይችል ነበር።

ሜክሲኮ ተመልሼ ለሱቁ ባለቤት አሳየሁት። እዚህ ላይ ሰውየውን ላመስግነው፤ አልዋሸኝም። ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አይቶ ወንበር ሳበልኝ፣ ቡና አዘዘልኝ። «ጋሼ፣ እኔም እንደ አንተ አዲስ ነው ብዬ ነው የገዛሁት። ከመርካቶ ነው ያነሳሁት፤ ያመጣው ልጅ ከዱባይ በሻንጣ ነው ያስገባው፤ ደረሰኝ የለውም። አንተ እኔን ትከሰኛለህ፣ እኔስ ማንን ልክሰስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቡናዬን ጠጣሁ። የሰጠውን ቅናሽ ተቀብዬ ዲስኩን ለማያስፈልጉ ነገሮች ይዤው ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል፣ ደህና ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዲስክ አትሽጡ ብዬ የምጮህ አይደለሁም። ብዙ ሰው አቅሙ ያ ነው፤ ያገለገለ ነው ተብሎ፣ ሰዓቱ ታይቶ፣ በዋጋው ቢሸጥ ማንም አይጎዳም። በመንገድ ላይ «ሁለት ቴራ» ተብላ በሻይ ዋጋ የምትሸጠው ፍላሽ ግን ሌላ ነች። እሷ ውስጧ ያለው ቦታ ጥቂት ጊጋ ሆኖ ትልቅ ነኝ ብላ እንድትናገር የተደረገች ናት፤ ስትሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ እየጻፈች ዝም ትላለች። ለዚያች ጋራንቲ መጠየቅም አያስፈልግም።

ቢሮም ሄጃለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ያነጋገረችኝ ልጅ በትሕትና ነው የተቀበለችኝ። «ደረሰኝ አለዎት?» አለችኝ። አለኝ ብዬ የፒያሳውን የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ነጭ ሆኗል። እነዚህ ወረቀቶች በሙቀት የሚታተሙ ስለሆኑ ቀለማቸው በጥቂት ወራት ይገረጣል፤ ጋራንቲው አንድ ዓመት፣ ማስረጃው ግማሽ ዓመት። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዘርግታ፣ አዘንብላ፣ ቀጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ «ዕቃው ጉድለት ያለበት ስለመሆኑ የባለሙያ ማረጋገጫ ያምጡ» አለችኝ። ከማን? እሷም አታውቅም። የጥገና ሱቆች ጋ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ማኅተሙን ሊመታልኝ የደፈረ የለም። አንዱ እንዲያውም ዲስኩን ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው አለኝ። የእህቴ ልጅ ሰምቶ ሊያብድ ነበር፤ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ የቀረውንም ያጠፋዋል አለ።

ሕጉ የለም እንዳትሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ሌላ እንዲተካለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ለሸማቹ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ካለም ያንን አይነካበትም። ለጫማ 15 ቀን ይበቃል፤ ሶሉ ከለቀቀ ያኔ ይለቃል። ዲስክ ግን በ16ኛው ቀንም፣ በ180ኛው ቀንም ይሞታል። ስለዚህ በዲስክ ነገር የእኛ መጠለያ እናንተ በእስክሪብቶ የምትጽፏት «1 ዓመት» ናት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287ም ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ይህን ቁጥር በእጄ ስንት መቶ ጊዜ እንደጻፍኩት አላስታውስም፤ ለበሬ ሽያጭ፣ ለመኪና ሽያጭ፣ ለበር ሽያጭ። ለዲስክ የሚጽፍልኝ ሰው እስኪመጣ ግን አልጠበቅኩም።

እንግዲህ በእኛ ሙያ «ዳኝነት የተጠየቀበት» ወደምንለው ክፍል ደርሻለሁ። የምጠይቀው ብዙ አይደለም፣ ብርም አያስወጣም። ስትሸጡልን በወረቀቱ ላይ «1 ፍሬ» አትበሉ፤ የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና ሲሪያል ቁጥሩን ጻፉ፣ በካርቦን በሚቀረው ወረቀት ላይ፣ በማይገረጣው። ብር ከመቀበላችሁ በፊት ዲስኩን ሰክታችሁ የሠራበትን ሰዓት አሳዩን፤ ሲሪያል ቁጥሩንም በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አብረን እንይ። ጋራንቲው የአምራቹ ከሆነ የአምራቹ ነው በሉ፤ የሱቁ ብቻ ከሆነም የሱቁ ብቻ ነው በሉ፤ ገዢው አውቆ ይምረጥ። የምትመልሱት ዕቃ ነው ወይስ ብር፣ ብር ከሆነ በየትኛው ቀን ዋጋ፣ እሱም ይጻፍ። ከሐምሌ 22 በኋላ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የተበላሸ ዲስክ ስትረከቡ የርክክብ ወረቀት ስጡ፣ መልሱ የሚታወቅበት ቀን ይኑርበት። የሰው ምስጢር አለበትና መተው አልፈልግም ያለውን ገዢ ጉድለቱን ፊቱ አይታችሁ ሲሪያል ቁጥሩን መዝግባችሁ ዲስኩን እንዲወስድ ወይም እፊታችሁ እንዲሰብረው ፍቀዱለት። ይህን ስል ለአስመጪው ዲስኩን ሳትመልሱ ምትክ ማግኘት እንደሚቸግራችሁ ይገባኛል፤ ለዚህም ነው ደብዳቤዬን ለአስመጪዎች ጭምር ያደረግኩት።

የንግድ ጽሕፈት ቤቶችን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የባለሙያ ማረጋገጫ አምጣ» ስትሉን ባለሙያው ማን እንደሆነ ንገሩን። ስሙን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። አምስት ኪሎ ይሁን፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይሁን፣ ከእናንተው ክፍል የሆነ ልጅ ይሁን፤ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ነፃ ፕሮግራም ይበቃዋል። እስከዚያው ድረስ ያ ማረጋገጫ ራሱ ሌላ «ነገ ተመለስ» ነው።

በማስረጃነት የማያይዘው፦ አንድ ነጭ የሆነ ደረሰኝ፤ አድራሻው መንገድ የሆነ የሽያጭ ወረቀት አንድ ገጽ፤ 19,412 የሚል ስክሪን ፎቶ አንድ ገጽ፤ እንዲሁም በመሳቢያዬ ውስጥ የሚገኝ፣ ሲነካ ጠቅ የሚል ሃርድ ዲስክ 1 ፍሬ። ሲሪያል ቁጥሩን አሁን በእጄ ጽፌበታለሁ።

ከላይ የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።

አንድ አቤቱታ ጸሐፊ፣ ልደታ